ሙሽሪት አላለፈችም

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉ ሰዎች መኪና ስር ተኝተው አያውቁም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ጡረተኛው ተቆጣጣሪ ምንጣፍ ቢጤ አንጥፈው፣ በአሮጌዋ መኪናቸው ሆድ ስር በጀርባቸው ተንጋለው የጭስ ማውጫውን ብሎን በጣታቸው እየዳሰሱ ሳለ፣ የወለዷቸው ልጆች ከእናታቸው ጋር ከሎሚው ዛፍ ስር ወንበር ስበው ስለ እሳቸው ሲያወሩ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ሰሙ። የመኪናዋ ሸራ እስከ መሬት ስለሚወርድ እዚያ ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ የጠረጠረ የለም። መሳል ይችሉ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው "እዚህ ነኝ" ማለት ይችሉ ነበር። ግን ስለ ራሱ ሲወራ እየሰማ የሚስል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"ሰውየው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል" አለ ወንዱ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ያለው ድምፅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ አባቱ ጆሮ ወረደ። "አሮጌ መኪና እየሰበሰበ ለሠርግ የሚያከራይ ነው። ደህና ዋጋ ሰጥቶናል። ቦታዋ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ይወጣል፤ ተከራይቶ ለእናንተው መጦሪያ ይሆናል።"

"አባዬ እሷን ከሚሸጥ እኛን ቢሸጥ ይቀለዋል" አለች ሴቷ ልጅ።

"ታዲያ ይንዳታ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከበር ወጥታለች? በየሳምንቱ ይመረምራታል፣ በየሳምንቱ ይጥላታል። መውጫዋ ላይ እንኳ ጎመን ተክሏል። መኪና አለኝ የሚል ሰው መንገዱ ላይ ጎመን ይተክላል?"

ተቆጣጣሪው ሚስታቸው ምን እንደምትመልስ ለመስማት ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ከላያቸው የዘይት ጠብታ ግንባራቸው ላይ ብታርፍም አልጠረጓትም። "ይምጣ" አለች ሚስትየዋ በመጨረሻ። "ሻይም ጠጥቶ ይሂድ። አባታችሁ እሺ ሳይል ግን ሸራዋ አይነሳም።" ከዚያ ወሬ ለማስቀየር ይመስላል፣ "ካሮት ደግሞ እንዴት ያለ እሳት ሆኗል በሉኝ! በሁለት ሳምንት እጥፍ ገባ" አለች። ጓሮዋን ካሮት የሞላው ሴት የገበያው ዋጋ ምን እንዳስጨነቃት መኪናው ስር ለተኙት ሰውዬ አልገባቸውም። የዚያን ሰዓት ግን ካሮት የሚያሳስባቸው ሰው አልነበሩም።

ተቆጣጣሪውን በወጉ ላስተዋውቃችሁ። በከተማው ሾፌር ዘንድ ስማቸው "አላለፈም" ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ፎርም ታቅፈው ቆመው፣ ጉቦ ሳይቀምሱ፣ ምልጃ ሳይሰሙ፣ የባለሥልጣን መኪና በአንድ የተቃጠለ አምፖል መልሰው፣ የሚስታቸውን ወንድም በአንድ ቀን ሁለቴ አባረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሾፌሮቹ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያሉ ሲያሽሟጥጧቸው፣ "እኔ የሚቆጨኝ ያሳለፍኩት ነው" ይሉ ነበር። የሽኝታቸው ቀን ባልደረቦቻቸው ከሰጧቸው ነገር ሁሉ አንጀታቸው የገባው "አላለፈም" የሚለው ማኅተም ነው። "አልፏል" የሚለውን ጣቢያው አስቀረው፤ እሳቸው ዘንድ ብዙም ስላልተሠራበት ገና አዲስ ነበርና።

የምርመራ ፎርምም በካርቶን ሙሉ ይዘው ወጡ። አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው ነው፤ ከፍሬን ይጀምርና በመሪ፣ በጎማ፣ በፍሬቻ፣ በክላክስ፣ በዝናብ መጥረጊያ አድርጎ እስከ ታች ይወርዳል። እነሆ ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰማያዊ ጋዋናቸውን ይለብሱና የመኪናዋን ሸራ ይገፋሉ። ሁሌ ተሸፍና ስለምትውል፣ ከቤትም ስለማትወጣ፣ ሰፈሩ መኪናዋን "ሙሽሪት" ብሎ ሰይሟታል። ሞተር ያስነሳሉ፣ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ይደፋሉ፣ ጎማውን በእጃቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ አንድ ነገር ያገኛሉ። አንድ ቅዳሜ ፍሬኗ ይለግማል፣ በሌላው መሪዋ ይጎትታል፣ በሌላው ደግሞ "ድምጿን አልወደድኩትም" ይሆናል። ማኅተሙ ቡፍ ይልና ፎርሙ ወደ ፋይሉ ይገባል። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ፎርም ተከማችቷል። የጣቢያው ልጆች ለክብራቸው ሲሉ በየዓመቱ ቤት ድረስ መጥተው ሻይ ጠጥተው፣ ሸራውን እንኳ ሳይገልጡ ቦሎ ለጥፈውላት ይሄዳሉ። እሳቸው ግን "ሳታዩ አሳለፋችኋት፤ ይሄ ስርቆት ነው" ብለው ያኮርፋሉ። ቦሎውን ግን አይልጡትም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዳር ዳር ማለት አልወድም። ሙሽሪት በከተማው ውስጥ ካሉ አሮጌ መኪኖች ሁሉ ጤነኛዋ ናት። የታመመው ሌላ ነው። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር ተቆጣጣሪው ለማንም ሳይናገሩ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ሐኪሙ የሁለቱም ዓይናቸው መሃል እየጠፋ እንደሆነ፣ ዳር ዳሩ ብቻ እንደሚቀር፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው። ሰው ሲመጣ ጫማውን ያያሉ፣ ፊቱን አያዩም። በር ያያሉ፣ ቁልፉን አያዩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ የከተማውን መኪና የፊት መብራት ሠላሳ አራት ዓመት ሲጥሉ የኖሩት ሰውዬ የገዛ መብራታቸው ጠፋ። "መንዳት አልችልም" ማለት ሞት መሰላቸው። "መኪናዋ አላለፈችም" ማለት ግን ሥራቸው ነው፣ አፋቸው ለምዶታል። ስለዚህ በዕድሜያቸው አንዲት የሐሰት ፎርም ሞልተው የማያውቁት ሰው ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሞሉ። ድሮ በየነገሩ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብለው የሚምሉት መሐላም ከዚያ ወዲህ ቀረ። ማን ልብ ይለዋል? ማንም ልብ አይለውም ብለው ነበር።

ለሚስታቸው ደግሞ ቃል ነበረባቸው። ሲጋቡ ታላቅ እህቷ "ፎርም ከሚሞላ ሰው ጋር በእግርሽ ስትኳትኚ ትኖሪያለሽ" ብላ ነበር። እሳቸውም ያን ቂም ይዘው፣ "ጡረታ እንደወጣሁ ሙሽሪት ላይ አስቀምጬ እህትሽ ደጃፍ እወስድሻለሁ፤ ሰፈሩ እስኪሰማ ክላክስ እነፋለሁ" ብለው ነበር። እህትየዋ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ትኖራለች። አሁን ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ከድቷታል። ሚስትየዋ በአውቶቡስ እየሄደች ጠይቃት ትመለሳለች። ስትመለስ "መቼ ነው የምትወስደኝ?" ብላ አታውቅም። ባትጠይቃቸው ቀለል ይላቸው መስሏቸው ነበር፤ ይብስ ከበዳቸው።

የቀራቸው ኩራት ጓሮው ነው። አፈር በእጅ ስለሚዳሰስ ከመኪና ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው ይኮተኩታሉ፣ ያርማሉ፣ ያጠጣሉ። ካሮታቸው ደግሞ ጉድ ነው፣ አንዱ ከአንዱ የማይበላለጥ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ታጠበ የጠራ! ለጎረቤት ይልካሉ፣ ልጆቹ በመጡ ቁጥር አንዳንድ ከረጢት ያሸክማሉ፣ ለአትክልት ሻጩ ሳይቀር ስለ አፈር አያያዝ ምክር ይሰጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከአፈር ሲነቅሉት አንድ እቅፍ ካሮት በላስቲክ ታስሮ ወጣ፤ "የጎረቤት ልጆች ላስቲክ በአጥር እየወረወሩ አትክልቴን ሊገድሉት ነው" ብለው ሁለት ቀን ተቆጡ። ሚስታቸው ያን ሰሞን ምን እንዳሳቃት እንጃ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር የምትውለው።

ልጆቹ ወደ ቤት ሲገቡ እሳቸው ከመኪናው ስር ወጡ፣ ግንባራቸውን ጠረጉ፣ ምሳ ቀረበ። በዚያ ቤት ገበታ ላይ ብዙ አይወራም፤ የሥራቸው አመል ነው። የምርመራ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ በሞተር ጩኸት ሰው ከሰው ስለማይደማመጥ ተቆጣጣሪ ከመኪናው ፊት ቆሞ በእጁ ነው የሚያዘው። አንድ ጣት ግራ ፍሬቻ፣ ሁለት ጣት ቀኝ፣ የተጨበጠ እጅ ፍሬን፣ የተዘረጋ መዳፍ መብራት፣ ጆሮ መንካት ክላክስ። ያንን ቋንቋ ቤት ድረስ ይዘውት ገብተው ሠላሳ ዓመት ቤተሰቡን ሲያዙበት ኖረዋል። መዳፍ ሲዘረጋ መብራቱ ይበራል፣ ጆሮ ሲነካ ሬዲዮው ዝቅ ይላል። ልጆቹ ሲያድጉ ረሱት። ያን ቀን ግን አባት እጃቸውን ጭብጥ አድርገው ገበታው ላይ አሳረፉ፤ ፍሬን ማለት ነው። ያየችው ሚስታቸው ብቻ ነች። ውሃ ቀዳችላቸው።

ስምንት ሰዓት ሲል የበሩ ደወል ጮኸ። የገባው ሰውዬ ጫማው የተወለወለ ነው፤ ፊቱ እንደ ሁልጊዜው ለእሳቸው ጭጋግ ነው። ድምፁን ሲሰሙ ግን ክው አሉ። "አስራ አንዴ" ነው። ታክሲ ነጂ በነበረበት ዘመን በአንድ ዓመት ውስጥ አስራ አንድ ጊዜ ጥለውት፣ ስሙ በዚያው የቀረ ሰው። እሱም ጡረታ ወጥቶ አሮጌ መኪና ማሳመር ይዟል።

"ጋሼ! በሕይወት አሉ?" አለ አስራ አንዴ። "የማን መኪና እንደሆነ ሳይነግሩኝ አመጡኝ እኮ! ባውቅማ ኖሮ እየሮጥኩ ነበር የምመጣው።"

"አትሸጥም" አሉ ተቆጣጣሪው።

ልጅየው ፋይሉን ታቅፎ መጣ። ተዘጋጅቶበታል። "አባዬ፣ ይሄ ያንተው ማኅተም ነው፣ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ጊዜ። 'ደጋግሞ የወደቀ መኪና ከመንገድ ይወገዳል' የምትለው አንተ አይደለህ? ለሰው ሲሆን ሕግ፣ ለራስህ ሲሆን ሸራ?"

ልጁ ያለው ሁሉ ከእሳቸው አፍ የወጣ ነው። "እንግዲያው ትመርመራ" አለች ሴቷ ልጅ፣ ልታስታርቅ ብላ ነገሩን አባሰችው። "እሳቸው በአባዬ ፎርም ይመርምሯት። ከወደቀች ይውሰዷት። ካለፈች ግን አባዬ ዛሬውኑ፣ አሁን፣ እማዬን አክስቴ ጋ በሙሽሪት ያድርሳት። ከዚያ በኋላ ስለ መሸጥ የሚያነሳ የለም።" ሁሉም "ይሁን" አለ። አስራ አንዴማ እጁን አፋተገ፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ይኼ ነው። ተቆጣጣሪው ብቻ ጉድጓዱ በሁለት በኩል እንደተቆፈረላቸው ገባቸው። ብትወድቅ ሙሽሪት ትሄዳለች። ብታልፍ መሪውን ይጨብጣሉ፣ ጉዳቸውም አደባባይ ይወጣል። ደግሞ እንደማትወድቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። "ይሁን" አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው።

ሸራው ተነሳ። ሚስታቸው ቦርሳዋን ይዛ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና ማንም ሳይጋብዛት ከሹፌሩ ጎን ገብታ ተቀመጠች። "ከሄደችም ልሰናበታት፣ ከቀረችም ቦታዬን ልያዝ" አለች። አስራ አንዴ ሥራውን ጀመረ። አቤት የመረመራት መመርመር! ጉንጩን መሬት አስነክቶ ሆዷን አየ። ጭስ ማውጫው ላይ ነጭ መሀረብ አድርጎ አሸተተ። ጎማውን በሳንቲም ለካ፣ የበሩን ማጠፊያ አወዛወዘ፣ መቀመጫውን ነቀነቀ። አንዲት ዝገት፣ አንዲት የላላች ብሎን አላገኘም! ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። "ጋሼ" አለ በመጨረሻ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፣ "አንዲት የተቃጠለች አምፖል እንኳ የለችም? ለእኔ ሲሆን እኮ አምፖል አጥተው አያውቁም ነበር!"

"መብራቱን ገና አላየኸውም" አሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የለመደው አፋቸው ነው የመለሰው። ምላሳቸውን በነከሱት! አስራ አንዴ ደስ ብሎት አስር እርምጃ ያህል ሄደና ጎመኑ መሃል ከሙሽሪት ፊት ለፊት ቆመ። እሳቸው ገብተው መሪውን ያዙ፣ ሞተር አስነሱ፣ መስኮቱ ተዘጋ። አስራ አንዴም እንደ ጣቢያው ወግ እጁን አነሳ። ያን የእጅ ቋንቋ አስራ አንድ ጊዜ ወድቆ ስለተማረው በእንቅልፍ ልቡም አይረሳውም።

ተቆጣጣሪው አዩ። ያዩት ጎመን ነው፣ ሁለት የተወለወለ ጫማ ነው፣ ከዚያ በላይ ጭጋግ ነው። እጁ የት አለ? አንድ ጣት ነው ሁለት? አንገታቸውን ወደ ጎን ጠመም አድርገው በዓይናቸው ዳር ሊይዙት ሞከሩ፣ ጭጋጉ አብሯቸው ዞረ። እንግዲህ አለቀ አሉ በሆዳቸው። ልጆቹ በረንዳው ላይ ቆመው እያዩ ነው። ሙሽሪት በአንድ ቀኝና ግራ ልትሄድ ነው።

"ግራ ፍሬቻ" አለ አንድ ድምፅ ከጎናቸው፤ ከንፈር ሳይነቃነቅ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ።

እጃቸው ከልባቸው ቀድሞ ታዘዘ። ፍሬቻው ጭል ጭል አለ። "ቀኝ" አለ ድምፁ። "ፍሬን። ልቀቅ። መብራት፣ ረጅሙን። አጭር አድርገው። መጥረጊያ። አሁን ክላክስ።" ክላክሱ ሲጮህ የሎሚው ዛፍ ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ተነሱ። ሚስታቸው ፊት ለፊት እያየች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ፀሐይ እንደምትሞቅ ሰው ተቀምጣለች። ታውቃለች! ለካ ታውቃለች! ማፈር ይሁን፣ መናደድ ይሁን፣ ደስታ ይሁን የተሰማቸውን ለመለየት ጊዜ አልነበራቸውም፤ "ኋላ ማርሽ" አለች።

አስራ አንዴ ተመልሶ መጣ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አንድ ጥያቄ ላይ ጭረት ቢያደርግ ሙሽሪት የእሱ ነበረች። ብዕሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። "ይሄንን ቀን ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ" አለ። "እርስዎን ጥዬ ወደ ቤቴ ስሄድ ሳስበው ራቴ ይጣፍጠኝ ነበር፣ ጋሼ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እውነትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ መኪናዋ አልፋለች።" ይህን ብሎ አርባ አንዱ ጥያቄ ላይ ምልክት አድርጎ ፈረመ። "አልፏል" የሚል ማኅተም በዚያ ቤት ስላልነበረ በእጁ ጻፈው። ሴቷ ልጅ አጨበጨበች። ወንዱ ልጅ አፉን ከፍቶ ፋይሉንና መኪናዋን ተራ በተራ አየ፣ ከዚያ ሄዶ በሩን በሁለት በኩል ወለል አድርጎ ከፈተው። "አሸነፍክ አባዬ። በል እንግዲህ ንዳ!"

ከተከፈተው በር ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ መሃል ደግሞ ያ ጭጋግ። መንገዱ ላይ ኳስ ይነጥራል፣ የብስክሌት ደወል ያቃጭላል፣ አንዲት ሴት ልጇን ትጣራለች። ተቆጣጣሪው ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሽ አስገቡ። ሚስታቸው ጠጋ አለቻቸው። "ቀስ ብለህ ውጣ፣ አባቱ" አለች በዚያው ከንፈር በማይነቃነቅበት ድምፅ። "ጎመኑን ርገጠው፣ ግድ የለም። እኔ እነግርሃለሁ። እስከ መታጠፊያው ብቻ። እዚያ ስንደርስ አመመኝ እልና እንመለሳለን። ማንም አያውቅም።"

እስከ መታጠፊያው ብቻ። ይህን ቃል ያውቁታል። ፍሬን የሌለው የጭነት መኪና ነጂ ሁሉ "እስከ ቤቴ ብቻ ልንዳው፣ ጋሼ" ብሎ ለምኗቸዋል። አንዱንም አልሰሙ። አንዱ ጉልበታቸውን ስሞ ነበር፣ እሱንም አልሰሙ። አሁን ሚስታቸው ናት የምትለምነው፤ ያውም ለራሷ ሳይሆን ለእሳቸው። ኳሱ እንደገና ነጠረ፣ አሁን ቀርቧል። ተቆጣጣሪው ማርሹን አወጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ቁልፉን አዞሩ። ሙሽሪት ዝም አለች።

ወርደው "ፎርሙን" አሉ። "አርባ ሁለተኛው አልተሞላም።"

"እሱን እኮ ማንም አይሞላውም ጋሼ" አለ አስራ አንዴ።

"አንብበው" አሉት ልጃቸውን።

"'የአሽከርካሪው ሁኔታ'" ብሎ አነበበ ልጅየው፤ አሁንም አልገባውም። "ጣቴን እዚያ ላይ አድርግልኝ" አሉት። ልጁ የአባቱን ጣት ይዞ መስመሩ ላይ አሳረፈ። ማኅተሙን ከጋዋናቸው ኪስ አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ መቱት። ቡፍ! "ዓይኔ አያይም" አሉ። "ስድስት ዓመቱ ነው። መኪናዋ ምንም ሆና አታውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ሴቷ ልጅ መጀመሪያ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ በልቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። "የልጄን ፎቶ ገልብጬ ብሰጠው እኮ 'እንዴት ታምራለች' ነው ያለኝ!" ወንዱ ልጅ አልሳቀም። ፋይሉን ብብቱ ስር እንደያዘ፣ ጠዋት ከሎሚው ስር የተናገረው ነገር ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ያፈጥጥበታል፤ አባቱ ሰምተውት እንደነበር ደግሞ እስከ ዛሬ አያውቅም። "እኔ እነዳላችኋለሁ" አለና እንደ መካስ ዘሎ ገባ። ግን የእሱ መኪና ማርሽ አስገባ፣ አውጣ የማይሉት ዘመናዊ ነው። የሙሽሪት ማርሽ ደግሞ ከመሪው ስር ነው። ፈልጎ ፈልጎ ሲያገኘው፣ ሦስት ጊዜ አንገጫገጫትና ሦስት ጊዜ አጠፋት። ሴቷም ልጅ ያው ናት። በዚያ ግቢ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሞልቶ ሙሽሪትን ከበር የሚያወጣ ጠፋ።

"ደንቡ ምን ይላል፣ ጋሼ?" አለ አስራ አንዴ። "መኪናዋ አልፋ ነጂው ሲወድቅ?"

"በሌላ ብቁ አሽከርካሪ ትነዳለች ይላል።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተወለወሉት ጫማዎች አዙረው፣ "አንተ ብቁ ነህ" አሉት።

አስራ አንዴ አልተንቀሳቀሰም። "ይድገሙልኝ" አለ።

"ብቁ ነህ አልኩህ። በል ሳልመለስበት ግባ!"

እንደዚህ ሆነና ሙሽሪት ከስድስት ዓመት በኋላ ጎመኑን በሁለት መስመር እየደረመሰች ከበር ወጣች። ጎመን በጤና ይባላል፤ ያን ቀን ጤና ያጣው ጎመኑ ብቻ ነበር። አስራ አንዴ መሪው ላይ ነው፣ ባልና ሚስቱ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ወጥቶ አየ፤ "ሙሽሪት ወጣች! ሙሽሪት ወጣች!" የሚል ጩኸት እስከ ዋናው መንገድ ሸኛቸው። ተቆጣጣሪው በመስኮቱ ዳር ዛፍና አጥር ሲያልፍ በዓይናቸው ጥግ እያዩ ሄዱ። ፍሬኑን ሰሙ፣ ጥሩ ነው። መሪውን ሰሙ፣ አይጎትትም። የአስራ አንዴም አነዳድ፣ እውነት ለመናገር፣ አይነቀፍም።

"መቼ አወቅሽ?" አሉ ከከተማው ሲወጡ።

"'ዓይኔን ግንባር ያድርገው' ማለት የተውክ ጊዜ ጠረጠርኩ" አለች። "ካሮቱ ሲሆን ግን አወቅኩ።"

"ምን ካሮት?"

ሚስትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። "አንዴ መናዘዝ ከተጀመረ እንግዲህ... አባቱ፣ አንተ ካሮቱን እንደ በቀለ ነቅለህ ትጥልና አረሙን ነው የምትኮተኩተው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። እኔ ከገበያ እየገዛሁ፣ አንተ ስታሸልብ አፈር ውስጥ እቀብረዋለሁ።"

አስራ አንዴ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ፣ ቶሎ ብሎ ደግሞ መንገዱን አየ። ተቆጣጣሪው ለጎረቤት የላኩት፣ ለልጆቹ ያሸከሙት፣ ለአትክልት ሻጩ የሰጡት ምክር ሁሉ አንድ በአንድ መጣባቸው።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ላስቲኩስ?"

"መፍታቱን ረስቼው ነው።"

ሙሽሪት ዳገቱን ያለ ጭንቅ ወጣች። ከላይ ስትደርስ ነፋስ በመስኮቱ ገባ። ተቆጣጣሪው ማኅተሙን ኪሳቸው ውስጥ በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆይተው፣ "እና እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳጠጣ የኖርኩት አረም ነው?" አሉ።

"አረም ነው።"

"ደህና አረም ነው ግን?"

"አባቱ" አለች እጃቸውን ከነማኅተሙ ይዛ፣ "እንደሱ ያማረ አረም በሰፈሩ ውስጥ ማንም የለውም።"